ከላንቻ እስከ አትክልት ተራ፦ በባቡር የዋልንበት ቀን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የጉዞ ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር፣ መስቀል ፍላወር)



ባለፈው ዓመት በዚሁ ጉባኤ አንድ ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። የምንኖርባትን ከተማ፣ በተለይ ታሪክ ያለበትን መሀሏን፣ አንድ ቀን ሰብሰብ ብለን በባቡር እየዞርን እንያት የሚል ነው። ወዲያው ተቃውሞ ቀረበ። «ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀምነውን ለሽርሽር?» ያሉ ነበሩ። «አዲስ አበባን ለማየት ደግሞ ከአዲስ አበባ እንነሣለን እንዴ!» ብለው ያሳቁንም ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነውና ወጪውን አስቀድመን እንናገር። ከቁጠባና ብድሩ ሣጥን አንድም ብር አልወጣም። የባቡር ትኬቷን እያንዳንዷ ከኪሷ ከፈለች። ምሳ ከየቤታችን ይዘን ወጣን። ለመግቢያ የተከፈለው ከማኅበራዊ መዋጮው ነው፤ ደረሰኙም በገንዘብ ያዣችን እጅ አለ።

አሁን ወደ ቀኑ እንለፍ፤ መጨረሻ ላይ በድምፅ እንድትወስኑት የምናቀርበው ሐሳብ አለና እስከዚያው በትዕግሥት አድምጡን።

የሄድነው ሃያ ሦስት ሆነን ነው። ከመካከላችን አርባ ዓመት በላይ በቂርቆስና በካዛንቺስ የኖሩ እናቶች አሉ። ከተማይቱን አያውቋትም ማለት አይደለም። መርካቶን በዕቃው ዋጋ፣ ፒያሳን በጉዳይ ማስፈጸሚያ፣ ለገሃርን በታክሲ ወረፋ ያውቋቸዋል። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት፣ በበዓል ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ። ቆም ብሎ «ይህን ማን ሠራው? ስሙስ ከየት መጣ?» ለማለት ግን ጊዜው መቼ ተገኝቶ!

ቅዳሜ ጠዋት ከመስቀል ፍላወር ተነሥተን በእግር ወደ ላንቻ ወረድን። የቀላል ባቡሩ የሰሜን ደቡብ መስመር ከቃሊቲ ተነሥቶ በደጃችን በኩል ወደ መሀል ከተማ ይገባል። አገልግሎቱ የተጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። የምሥራቅ ምዕራቡ መስመር ደግሞ በዚያው መኸር ተከተለ፤ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሁለቱ አንድ ላይ ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ ናቸው፤ ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው መሀል ባንድ ድልድይ ላይ አብረው ይሄዳሉ። ሲጀመር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ ዋጋውም ጨምሯል፣ ጥበቃውም ረዝሟል። ቢሆንም አሁንም ለእንደኛ ዓይነቱ ኪስ የተመቸ መጓጓዣ ነው። ከጠዋቱ ግፊያ በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ብንሳፈር ለእናቶቻችን መቀመጫ ተገኘ፤ ያልደረሳቸውም ወጣቶች ተነሡላቸው።

ጠመንጃ ያዥንና ሪቼን አልፈን ስታዲየም ወረድን። የመገናኛ ቦታችን እዚያ ነበር። ከአያት በኩል የሚመጡት እህቶቻችን በሌላው መስመር መጥተው እየጠበቁን ነበር። ስለ እነሱ ቆይተን እንናገራለን።

ስታዲየሙን ዛሬ ስናየው ያረጀ ይመስላል እንጂ፣ ጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው እዚያው ነው። በፍጻሜው ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈች። ከመካከላችን አንዷ የዚያን ቀን አባቷ ጎረቤት ሁሉ የተሰበሰበበትን ራዲዮ ሲያዳምጡ እንደነበር እናቷ የነገሯትን አጫወተችን።

ከዚያ በእግር ወደ መስቀል አደባባይ። ደመራ የሚደመርበት ይህ ሜዳ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። በአደባባዩ ዳር በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ደጁ ላይ የቆመው ሐውልት የሦስት ሴቶች ነው፤ ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች። ውስጡ የወጣቶች ፎቶግራፍ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተደርድሯል። ከመካከላችን አንዲት ታላቅ እናት ገብተው ብዙ አልቆዩም። ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እኛም አጠገባቸው ተቀመጥን። «የሰፈራችን ልጆች ናቸው» አሉ እንጂ ሌላ አልጨመሩም። ልጃገረዶቹ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምረው ቀኑን ሙሉ እጃቸውን ይዘው ሄዱ። በየቤታችን ያልተነገረ ስንት ነገር እንዳለ ያየነው ያን ጊዜ ነው።

ከአደባባዩ ማዶ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን፣ ከፍ ብሎ ደግሞ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አለ። ግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚህ አዳራሽ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ትልቁ የመስታወት ሥዕልም እዚያው ነው፤ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው። አዳራሹ በ2017 ዓ.ም. እድሳቱ አልቆ እንደገና ተከፍቷል። እኛ በዕለቱ ከውጭ ነው ያየነው፤ በቡድን ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለሚቀጥለው ጉዞ ኮሚቴው ይህን ያስባል።

እዚህ ላይ ስለ ካዛንቺስ ስም የተነገረንን እንጨምር፤ ብዙዎቻችን የኖርንበት ሰፈር ነውና። ቃሉ ጣልያንኛ ነው። በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራ «ኢንቺስ» የሚባል ተቋም ነበር። «ካሳ» ማለት ቤት ነው። «ካሳ ኢንቺስ» ሲባል ሲባል ካዛንቺስ ሆነ። ፖፖላሬም እንዲሁ ነው፤ «የሕዝብ ቤቶች» ከሚለው የመጣ። ወራሪው አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ስሙን ግን እኛ እንደገና ባለቤት ሆነንበት፣ ወልደን ከብደን፣ ዕድር መሥርተን፣ ዕቁብ ጥለን ኖርንበት።

ለገሃር ስንደርስ ፀሐይዋ በርትታ ነበርና ጥላ ፈልገን ምሳችንን ፈታን። ፍርፍርም፣ ሽሮም፣ ዳቦም ከየምሳ ዕቃው ወጣ፤ ቡናው በፔርሙስ መጥቷል። ከዚያ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሄድን። በዕለቱ ካየነው ሁሉ ብዙ የቆየነው እዚህ ነው።

«ለገሃር» ራሱ ፈረንሳይኛ ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ፤ ድሬዳዋም የተቆረቆረችው በባቡሩ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ እስኪደርስ ግን ተጨማሪ ዓመታት ፈጀ። የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ይህ ዓመት ንግሥት ዘውዲቱ የነገሡበት ዓመት መሆኑን ልብ በሉ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ዛሬ የምናየው ጣቢያ የተመረቀው ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ሕንፃ ፊት አንዲት አባላችን ሳንጠይቃቸው መናገር ጀመሩ። በወጣትነታቸው በዚያ ባቡር እየተመላለሱ ይነግዱ ነበር። ከዚህ ቅቤና እህል፣ ከዚያ ልብስና ሳሙና። ጣቢያዎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩልን፦ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ድሬዳዋ። በየጣቢያው ሻጮች መስኮቱ ሥር እየመጡ ምን ይሸጡ እንደነበር፣ ፈታሽ ሲመጣ ሴቶች እንዴት አንዳቸው ለሌላዋ ዕቃ ይይዙ እንደነበር ነገሩን። «ለመጀመሪያ ጊዜ ማኅበር የገባሁት ባቡሩ ውስጥ ነው» አሉ። «የታመመች እንደሆነ ዕቃዋን የምትሸጥላት፣ የወለደች እንደሆነ ድርሻዋን የምታስቀምጥላት ነበረች። ደንብ የሚባል ነገር አልነበረንም።» ሦስት ዓመት አብረናቸው ስንቆጥብ ይህን ታሪክ ሰምተን አናውቅም። ለጽሑፍ ኮሚቴው አደራ ብለናል፤ እርሳቸው እየተናገሩ ይጻፍልን።

ጣቢያው ፊት ለፊት የሞዓ አንበሳ ሐውልት አለ። በ1923 ዓ.ም. ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ተሠራ። ፋሺስቶች ነቅለው ወደ ሮም ወሰዱትና ከዋናው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ተከሉት። የዘርአይ ድረስ ስም ከዚህ አንበሳ ጋር የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ከድል በኋላ ብዙ ዓመት ተጠይቆ ተመለሰና ወደ ቦታው ገባ። በብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ካለው ከድንጋዩ አንበሳ ጋር የምናምታታው አለንና፣ ያኛው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የ25 ዓመት ኢዮቤልዩ መታሰቢያ መሆኑን ያዙልን።

ከለገሃር እንደገና ተሳፈርን። ሜክሲኮ ስንደርስ ከልጃገረዶቹ አንዷ «ሜክሲኮ ለምን ተባለ?» ብላ ጠየቀች። ሜክሲኮ ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን ካልተቀበሉ ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ለዚያ ውለታ ነው አደባባዩ በስሟ የተጠራው። በሜክሲኮ ዋና ከተማም ከመሬት በታች ከሚሄደው ባቡር ጣቢያዎች አንዱ «ኢትዮጵያ» ይባላል። እዚያም አንዲት ልጅ «ለምን ተባለ?» ብላ እናቷን ትጠይቅ ይሆናል።

ልደታን፣ ዳርማርን፣ አብነትን፣ ሰባተኛን አለፍን። ዳርማር የጫማ ፋብሪካ ስም ነበር። ከዚያ መርካቶ። ገበያው ድሮ በአራዳ፣ በጊዮርጊስ አካባቢ ነበር። ወደ ዛሬው ቦታ ያዛወረው፣ ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት ያወጣው የጣሊያን የከተማ ፕላን ነው። የተባለው ግን አልሆነም። ከያገሩ የመጣ ሰው ገበያውን የራሱ አደረገው። ታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ሙስሊም እህቶቻችን ለሶላት እዚያ ወረዱ፤ እኛም አውቶቡስ ተራ ጣቢያ ጠበቅናቸው።

አትክልት ተራ ስንወርድ ሁላችንም ሳቅን። ጣቢያው «አትክልት ተራ» ይላል፤ አትክልቱ ግን የለም። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ ሄደ፤ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት። የቀረው ስሙ ነው። ከመካከላችን ቲማቲምና ሽንኩርት ከዚያ እያመጡ ጉሊት ሲቸረችሩ የኖሩ አሉ። ሳቁ ሲበርድ አንዷ «ስም ብቻውን ምን ያደርጋል!» አለች። ይህን ቃሏን ያዙልን።

ከዚያ በእግር ወደ ፒያሳ ወጣን። ዳገቱን ቀስ ብለን፣ እያረፍን። የጊዮርጊስ ካቴድራል የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሆኖ የታነጸ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ነው። ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ የደፉት እዚህ ነው፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም እንዲሁ። ፊት ለፊቱ ያለው የዐፄ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በአባታቸው ስም እንዲቆም ያሰቡት ንግሥት ዘውዲቱ ነበሩ። ፋሺስቶች አውርደው ቀበሩት፤ ከድል በኋላ ወጥቶ ቆመ። እንግዲህ ቁጠሩ፤ በአንድ ቀን መንገድ ላይ ተነቅለው የተመለሱ ሁለት ሐውልቶች አየን።

አጠገቡ የካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። ስለ እቴጌ ጣይቱ ያልሰማች የለችም፤ ይህችን ከተማ አዲስ አበባ ያሉ እሳቸው ናቸው። በመቀሌው ከበባ የምሽጉ ውኃ እንዲያዝ ያደረጉ እሳቸው ናቸው። በስማቸው የሚጠራው የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴልም ከዚያው ከፒያሳ ነው። ልጃገረዶቹን ያስገረማቸው ግን ሌላ ነው። ወደ ዓድዋ ከዘመተው ሠራዊት ጋር ስንቅ ያዘጋጁ፣ ውኃ የቀዱ፣ ቁስለኛ ያነሡ ሴቶች መኖራቸው። እናቶቻችን ግን ምንም አልገረማቸውም። «ታዲያ ሠራዊቱ ምን ይበላል ብላችሁ ነበር?» አሉ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ተመለስን።

አሁን ስለ እነዚያ ከአያት በኩል ስለመጡት እህቶቻችን እንናገር። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ መልሶ ልማት ሲጀመር ብዙ ጎረቤቶቻችን ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። ከቂርቆስም እንደዚሁ የተዛወሩ አሉ። ቤት ያገኙ አሉ፤ ከቀድሞው የተሻለ ግድግዳና ውኃ ያገኙም አሉ። ደንበኛቸውን ግን ትተው ሄዱ፤ ዕድራቸውንና ቡና አጣጫቸውንም ትተው ሄዱ። ከነዚህ መካከል ሰባቱ አባሎቻችን ናቸው። መተዳደሪያ ደንባችን ሦስት ስብሰባ በተከታታይ የቀረች አባል ከመዝገብ ትሰረዛለች ይላል። ሰባቱም ሁለት ሁለት ጊዜ ቀርተው ነበር።

የጉዞው ቀን ሰባቱም መጡ። ስድስቱ ከሁላችን ቀድመው ስታዲየም ደርሰው ነበር። ለምን ይህን ቀን መጡ? ጠየቅናቸው። መልሳቸው ቀላል ነው። ስብሰባችን የሚጀመረው ከሥራ በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ የሚያልቀው ሲመሽ። ከመስቀል ፍላወር ወጥተው፣ ባቡር ጠብቀው፣ ከመጨረሻው ጣቢያ ወዲያ ደግሞ ታክሲ ፈልገው ሌሊት መግባት ለሴት ያስፈራል፤ ያስወጣልም። ቅዳሜ ጠዋት፣ በብርሃን፣ ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት ጣቢያ ተገናኙ ሲባሉ ግን መንገዱ ቀለላቸው። የስድስት ወር ቁጠባቸውንም በመሐረብ ቋጥረው ይዘው ነበር የመጡት። ገንዘብ ያዣችን ስታዲየም ጣቢያ ሥር ቆማ ቆጥራ ተቀበለቻቸው። ከማኅበሩ ያራቃቸው መንገዱ እንጂ ልባቸው አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ስለዚህ ኮሚቴያችን ሦስት ነገር ለውሳኔ ያቀርባል።

አንደኛ፣ በየሩብ ዓመቱ ከሚደረጉት ሦስት ስብሰባዎች አንዱ ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፤ ቦታውም ከስታዲየም ጣቢያ በእግር የሚደረስበት ይሁን።

ሁለተኛ፣ በልማት ምክንያት የተዛወረች አባል ቁጠባዋን እስከላከች ድረስ በመቅረት ብቻ እንዳትሰረዝ ደንቡ ይሻሻል። ቁጠባውን በስልክ መላክ የምትችል ትላክ፤ የማትችል ለቅርብ አባል ትስጥ።

ሦስተኛ፣ የባቡር ጉዞው በዓመት አንድ ጊዜ ይቀጥል። በየዓመቱ ሁለት እናቶች የሚያውቁትን እንዲነግሩን፣ አንዲት ወጣት ደግሞ እንድትጽፍ አስቀድመን እንመድብ።

ደጋፊዎቻችንን ብዙ አንጠይቅም። ባቡሩን እኛ እንከፍላለን። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቶች ግን የመሀል ከተማው ጣቢያዎች ደረጃ ከባድ ነው፤ ከመጨረሻው ጣቢያ እስከ ቤት ያለውም መንገድ ሩቅ ነው። ለጉዞው ቀንና ለሩብ ዓመቱ ስብሰባ አንድ ሚኒባስ ብትረዱን ከማኅበሩ የሚቀር ሰው አይኖርም። ለልብስ ስፌት መኪናዎቹና ለብድሩ መነሻ ያደረጋችሁልን ድጋፍ ዛሬም እየሠራ ነው፤ የዓመቱን ሒሳብ ከንግግራችን ቀጥሎ ትሰማላችሁ።

በሚመጣው ዓመት መሄድ ለምትፈልጉ የቀረን ምክር ይህ ነው። ከሦስት ሰዓት በፊት አትሳፈሩ። ቦርሳችሁን ከፊት ያዙ። ዝርዝር ብር ያዙ። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ። ነጠላ አትርሱ፤ ለፀሐዩም ለቤተ ክርስቲያኑም ይሆናል። በየጣቢያው ቁጠሩ፤ እኛ ሃያ ሦስት ሄደን ሃያ ሦስት ተመልሰናል።

አትክልት ተራ ላይ የተነገረውን ያዙልን ብለን ነበር። ማኅበራችንም መስቀል ፍላወር ላይ ስሙ ተጽፎ፣ ሰዎቹ ግን አያትና ቃሊቲ ማዶ ተበትነው እንዳይቀሩ የዛሬው ድምፃችሁ ይወስናል። ስማችሁ ሲጠራ እጃችሁን አውጡ።